የመናጢ ድሀ ተቃራኒ ማን ነው?



ከለጋሾች በሚመጡ ቅጾች ላይ «ዴስቲቲዩት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ደጋግመን እናያለን። እኛ የሒሳብ ሠራተኞች «መናጢ ድሀ» ወይም «የድሀ ድሀ» ብለን እንተረጉመዋለን። ተቃራኒው ማን ነው ብንባል ብዙዎቻችን «ሀብታም» እንላለን። ታሪክ ግን ሌላ መልስ ያሳየናል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው «መተው» የሚል ነው። በጥንት ትርጉሙ ገንዘብ ያጣውን ብቻ ሳይሆን የተተወውን ሰው ይገልጻል። በእኛም ቋንቋ የመጨረሻውን ችግረኛ ስናነሳ «ምንም የለውም» ብለን አናቆምም፤ «ሰው የለውም» እንላለን።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን እንመልከት። ደስታ የተባለው በሽታ ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠና ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። በዚያው ክፉ ዘመን፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ እዚሁ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። ገበሬው መሬቱ በእጁ እያለ በሬ በማጣቱ ተራበ። የትናንት ባለጸጋ በወራት ውስጥ ለማኝ ሆነ። አንድ በሬ የቀረለት ሰውም ብቻውን አያርስም፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ሲገባ ግን ሁለቱም ያርሳሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ጎረቤት ነው።

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋ ወደ መተማና ቋራ ለመጡ ወገኖች እስከ 2 ሄክታር መሬት ይሰጥ ነበር። መሬት በመንግሥት ይሰጣል፤ ዘመድና ዕድር ግን በሜዳው ላይ እንደገና የሚመሠረቱ ናቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሳም ቤትና ሱቅ የነበራቸው ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ባዶ እጃቸውን ሲገቡ አይተናል።

ይህ ታሪክ ሽንፋ ላለነው የዛሬ ጉዳያችን ነው። በሰሊጥ ወቅት ሳሉግ ሆና የመጣች ሴት ለጥቂት ሳምንታት ገንዘብ ይኖራታል። በቅጹ ላይ «ገቢ አላት» ተብላ ትታለፋለች። ወባ ቢይዛት ግን ውኃ የሚያቀብላት የለም። ብድር ስትጠይቅ ዋስ አምጪ ትባላለች። ዋስ የሚጠፋውም ሰው ለሌለው ነው፤ ስለዚህ ብድሩ ከሁሉ ይበልጥ ለሚያስፈልጋት አይደርስም።

እንግዲህ ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በመመልመያ ቅጹ ላይ ከበሬና ከቆርቆሮ ቤት ቀጥሎ «ቢታመሙ ማን ያስታምምዎታል?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። ሁለተኛ፣ ዋስ ለሌላት ሴት የቁጠባ ቡድኑ በጋራ ዋስ ይሁናት። ደጋፊዎቻችንም የእርዳታችሁን ውጤት ስትመዝኑ የገንዘቡን መጠን ብቻ አትዩ፤ ትናንት ሰው ያልነበራት ዛሬ ስንት ሰው እንዳላት ጠይቁን። እኛም ቆጥረን እንመልሳለን።