ያለ ድልድይ የተገናኙ ሁለት ሥዕሎች

በኪዮቶ ካሪጋኔያ ከሚባል ስመ ጥር የጨርቅ ነጋዴ ቤት የተወለደው ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦጋታ ኮሪን (1658–1716 እ.ኤ.አ.) በ18ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጥንድ ታጣፊ መከለያዎችን ሣለ። ዛሬ በቶኪዮው ኔዙ ሙዚየም የሚገኙት እነዚህ መከለያዎች እያንዳንዳቸው ስድስት ገጽ አላቸው። በወርቅ በተለበጠው መደብ ላይ ያረፉት ቀለሞች ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ለአይሪስ አበባው ሰማያዊ፣ ለቅጠሉ አረንጓዴ። ውሃም፣ መሬትም፣ ሰማይም አልተሣለም። ሁለቱን መከለያዎች አንድ ሥዕል ያደረጋቸው ይኸው ቁጥብነት ይመስለኛል።

የሥዕሉ መነሻ «የኢሴ ተረቶች» የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። በዚያ ታሪክ ከዋና ከተማው ርቆ የሚጓዝ ሰው «ስምንቱ ድልድዮች» በሚባል ስፍራ አይሪስ ሲያይ ትቷት የመጣት ሚስቱ ትናፍቀዋለች። ኮሪን ግን ሰውየውንም ድልድዩንም ትቶ አበባውን ብቻ አስቀረ። አቀማመጡም ከመከለያ መከለያ ይለያያል፤ በቀኙ አበቦቹ ከነግርጌያቸው ቆመው ሲታዩ፣ በግራው ዝቅ ብለው ከፊሎቹ በታችኛው ጠርዝ ተቆርጠዋል። ልዩነቱን የሚያቻችለው የቀለሙ አንድነትና የቅርጹ መደጋገም ነው። አንዳንዶቹ የአበባ እጅብታዎች ከሌሎቹ ጋር ፍጹም ስለሚመሳሰሉ ሠዓሊው ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ወረቀት እንደተጠቀመ ይታመናል። ይህ ደግሞ ጨርቅ ላይ ጥለት የሚያትሙ ባለሙያዎች ዘዴ ነው፤ ኮሪንም ያደገው ከጥለት መካከል ነው።

ቀለሙ ያነሰው በችግር ነው የሚል ቢኖር ማስረጃው አይደግፈውም። ሰማያዊው አዙራይት፣ አረንጓዴው ማላካይት ከሚባሉ ማዕድናት ተፈጭተው የሚገኙ ውድ ቀለሞች ናቸው፤ ወርቅ ያለበሰ ሰው ለሦስተኛ ቀለም አቅም አያንሰውም ነበር። ይህ ቁጥብነት ሥዕሉን ወደ ረቂቅነት ያቀርበዋል ስል ግን፣ አበባው አበባነቱ እየታወቀ እንዴት ረቂቅ ሥዕል ይባላል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉም ከሆነ፣ አይባልም። ነገር ግን ቦታና ታሪክ ተነሥተው ቀለምና ምት ብቻቸውን ሥራውን ሲሸከሙ፣ ሥዕሉ ወደ ረቂቅነት ብዙ መንገድ ሄዷል።

ኮሪን ራሱ ማነጻጸሪያ ትቶልናል። ከዓመታት በኋላ በዚያው ርእስ የሣላቸውና አሁን በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያሉት ጥንድ መከለያዎች ድልድይ አላቸው፤ ድልድዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሁለቱን ያያይዛል። የቀደመው ጥንድ ያለ እሱ ስለጸና፣ ድልድዩ ለአንድነቱ የግድ አልነበረም ማለት ነው። የግራው አበባ ቀይ ቢሆን ኖሮ ግን ምንም ድልድይ ሁለቱን እንደዚያ ባላዋሐዳቸው ነበር።