የአባት ዲፕሎማ ለልጅ ይወረሳልን?

በአሜሪካ አገር ሃርቫርድንና ዬልን የመሳሰሉ ዩኒቨርስቲዎች አዲስ ተማሪ ሲመርጡ፥ ወላጆቹ ከዚያው የተመረቁለትን አመልካች ከሌላው አብልጠው ያያሉ። ደጋፊዎቹ ይህን የቆየ ልማድ ይሉታል። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ የልማዱን አነሳስ ለመመርመር አስበናል፤ የአንድ ነገር አጀማመር ሲታወቅ ዓላማውም ይገለጣልና። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከ1920ዎቹ በፊት በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የመግቢያውን ፈተና ያለፈ ከሞላ ጎደል ሁሉ ይገባ ነበር። ቦታ ለሁሉ ሲበቃ ለማንም ማድላት አያስፈልግም። ኋላ ግን ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱት አይሁድ ልጆች ፈተናውን እያለፉ በረከቱ፤ በሃርቫርድም ከአምስት ተማሪዎች አንዱ ያህል አይሁዳዊ ሆነ። በ1922 ፕሬዚዳንቱ ሎውል ቁጥራቸው ከመቶ 15 እንዳይበልጥ ሐሳብ አቀረቡ፤ መምህራኑ ግን ይህን ግልጥ ገደብ አልተቀበሉትም። ይሁን እንጂ በ1926 ከፈተናው ሌላ የአመልካቹን ጠባይ የሚመዝን አመራረጥ ተተካ፤ በፊት በር የተመለሰው ሐሳብ በጓሮ በር ገባ። ዬልም በ1925፥ ፈተናውን ያሟላ የምሩቅ ልጅ በቦታ ጥበት ምክንያት እንዳይመለስ ወሰነ። እንግዲህ ይህ ልማድ ቦታ በጠበበ ጊዜ እንግዳውን ለመከላከል የታጠረ አጥር እንጂ የጥንት ሥርዓት አይደለም።

ፍሬውም እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ2018 በሃርቫርድ ላይ በተሰማው ክስ በቀረበው መረጃ መሠረት፥ ከምሩቃን ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሲገቡ ከሌሎቹ አመልካቾች የገቡት ከመቶ ስድስት አይሞሉም ነበር።

ደጋፊዎቹ፥ ምሩቃን በዚህ ምክንያት ለትምህርት ቤታቸው ገንዘብ ይሰጣሉ፤ በስጦታውም ድኾች ይማራሉ ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የአባትን ዲፕሎማ ሳይቆጥር በሀብትም በዝናም ከታላላቆቹ ተርታ ቆሟል። ጆንስ ሆፕኪንስም ልማዱን ተወ፤ ከ2009 እስከ 2019 የምሩቃን ልጆች ከመቶ 12.5 ወደ 3.5 ሲወርዱ፥ የመንግሥት የድኽነት እርዳታ የሚገባቸው ከ9 ወደ 19 ከፍ አሉ። በ2018 ማይክል ብሉምበርግ ለተማሪዎች መርጃ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ስለ ሰጡ፥ ለውጡን ሁሉ ልማዱን ከመተው የመጣ ነው አንልም። ቢሆንም ትምህርት ቤቱ አለመጎዳቱን ያስረዳል። በ2024 ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ ልማዱን በግል ዩኒቨርስቲዎች ሳይቀር በሕግ ከልክለዋል።

ነገሩ የእኛንም ወገን ይነካል። አባቱ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር የተማረ፥ በዋሽንግተን ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ በእነዚያ በሮች የሚጠራው የአባት ስም የለውም፤ ያለው የራሱ ድካም ነው። ርስት ለልጅ ይተላለፍ፤ ዕውቀት ግን እያንዳንዱ ራሱ የሚያርሰው መሬት ነው። አባቶቻችንም «አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ» ሲሉ፥ የአባት ማዕርግ ለልጅ ዋስ እንደማይሆን ነግረውናል። ስለዚህ የመግቢያው መዝገብ የአመልካቹን ሥራ እንጂ የአባቱን ዲፕሎማ አይጠይቅ እንላለን።