ያልለየለት ውጤት (የሕክምና ምርመራ)

ያልለየለት ውጤት በቁጥር የሚለካ ምርመራ «በሽታው አለ» ወይም «የለም» ለማለት የማያበቃ መጠን ሲያሳይ የሚሰጠው ስያሜ ነው። «አጠራጣሪ» እና «ግራጫ ቀጠና» ተብሎም ይጠራል። ናሙናው ተበላሽቶ ወይም መሣሪያው ተሰናክሎ ጨርሶ ያልተነበበ ምርመራ ከዚህ ይለያል፤ በመዝገብ ላይ ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ።

መንስኤ

የሕሙማንና የጤነኞች ልኬት ይደራረባል፤ አንዱ ናሙና ሁለቴ ሲለካም ቁጥሩ በጥቂቱ ይዋዥቃል። ኳንቲፌሮን የተባለው የቲቢ የደም ምርመራ መለያ ነጥቡ በሚሊ ሊትር 0.35 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ዛሬ 0.33 ያሳየ ሰው በድጋሚ ሲመረመር 0.38 ቢያሳይ ወረቀቱ ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ይዞራል፤ በሰውየው ሰውነት ግን የተለወጠ ነገር ላይኖር ይችላል። በዚሁ ምርመራ «ኢንዲተርሚኔት» የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ይህ የሚመጣው የቲቢ አንቲጅን ያለበት ቱቦ ኔጌቲቭ ሆኖ ማይቶጅን የተባለው የመቆጣጠሪያ ቱቦ ምላሽ ከ0.5 ሲያንስ፣ አለዚያም አንቲጅን የሌለበት ባዶው ቱቦ ራሱ ከ8 ሲበልጥ ነው።

የሐሳቡ አመጣጥ

ጀማሪው ማን እንደሆነ መናገር አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው የቫሰርማን የቂጥኝ ምርመራ በመደመር ምልክቶች ደረጃ እየተሰጠው ይነበብ ነበር፤ ስለዚህ ጥርጣሬን በወረቀት ላይ ማስፈር የላቦራቶሪ የቆየ ልማድ ይመስላል። የሩሻልሚ የተባለው አጥኚ በ1947 ምርመራን የመመዘኛ ሁለቱን መለኪያዎች፣ ሕሙማንን የማግኘትና ጤነኞችን ነጻ የማለት አቅምን፣ ካስተዋወቀ በኋላ ግን ሕሙማንንና ጤነኞችን በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ የሚከፍለው ባለ አራት ክፍሉ ሠንጠረዥ ገነነ፤ ለመሐለኛው ቦታ አልነበረውም። ፓውከርና ካሲረር በ1980 ሁለት ደፎችን አቀረቡ፦ ከታችኛው በታች ሕክምናም ምርመራም አያስፈልግም፣ ከላይኛው በላይ ሳይመረመሩ ማከም ይቻላል፣ በመሐል ምርመራ ይታዘዛል። አንዳንዶች መነሻውን ለእነዚህ ቢሰጡም ደፎቹ የተተከሉት በሽታው የመኖሩ ግምት ላይ እንጂ በምርመራው ልኬት ላይ ስላልሆነ አባባሉ ትንሽ የተለጠጠ ነው። ሲመልና ባልደረቦቹ በ1987 መካከለኛ፣ ያልለየለትና የማይነበብ ውጤትን ለየብቻ አስቀመጡ። ፋይንስታይን በ1990 ሐኪም በተግባር የሚያስበው በሁለት ሳይሆን በሦስት ቀጠና ነው ሲል ተከራከረ። «ግራጫ ቀጠና»ን በቁጥር ለሚለኩ ምርመራዎች በስሌት ያበጁት ኮስትና ፑሾ ናቸው፣ በ2003። ቃሉ ግን የእነሱ አይደለም፤ የፕሮስቴት ምርመራ (ፒ.ኤስ.ኤ.) በሚሊ ሊትር ከ4 እስከ 10 ናኖግራም ሲሆን የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች ቀድመውም እንዲህ ይሉት ነበር።

በጥናት ላይ አያያዝ

በሽታው ያለባቸው 100 ሰዎች ተመርምረው 80ዎቹ ፖዘቲቭ፣ 10ሩ ኔጌቲቭ፣ 10ሩ ያልለየላቸው ሆኑ እንበል። ያልለየላቸው ከሒሳቡ ከወጡ ምርመራው ከ90 ሕሙማን 80ውን፣ ማለትም 89 በመቶውን አገኘ ይባላል። ኔጌቲቭ ተብለው ከተቆጠሩ 80 በመቶ፣ ፖዘቲቭ ከተባሉ 90 በመቶ ይሆናል፤ ነገር ግን ይኸው አቆጣጠር በጤነኞቹ ላይ ሲሠራ የሐሰት ፖዘቲቭ ያበዛል። ማውጣት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ምርመራውንም ከአቅሙ በላይ የሚያሳምረው እሱ ነው። ሹትስና ባልደረቦቹ በ2012 በልብ ደም ሥር ሲቲ ጥናቶች ላይ ባለ ስድስት ክፍል ሠንጠረዥ ተጠቅመዋል፤ ያልተነበበው ውጤት ሁሉ በምርመራው ላይ እንደ ስሕተት ይቆጠርበታል። ስታርድ 2015 የተባለው የአዘጋገብ መመሪያም አጥኚዎች ያልለየለትን ውጤት ምን እንዳደረጉት እንዲጽፉ ይጠይቃል።

በሕክምና ላይ

ትሮፖኒን፦ የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር መመሪያ የደረት ሕመም ይዞት የመጣን ሰው ሲደርስና ከ1 ሰዓት በኋላ በደሙ በተለካ የዚህ የልብ ፕሮቲን መጠን በሦስት ይመድባል። መሐለኛው ምድብ «ይታይ» ነው፤ በ3ኛው ሰዓት እንደገና ይለካል።

ኤች.አይ.ቪ.፦ ውጤቱ ያልለየለት ሰው ከ14 ቀን በኋላ እንደገና ይመረመራል።

ቲቢ፦ በኢትዮጵያም በስፋት የሚሠራበት ጂን ኤክስፐርት የተባለው መመርመሪያ መሣሪያ አልትራ የተባለ ካርትሪጅ አለው። የዚህ ካርትሪጅ ዝቅተኛው ደረጃ «ትሬስ» ይባላል፤ የቲቢ ባክቴሪያ (ባሲለስ) ርዝራዥ ተገኘ፣ መድኃኒት መላመዱ ግን አይታወቅም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ትሬስ በሕፃናት፣ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ባለባቸው ሰዎችና ከሳንባ ውጭ በተወሰደ ናሙና ላይ ሲታይ እንደ ፖዘቲቭ እንዲያዝ መከረ፤ ለሌሎች አዋቂዎች አዲስ አክታ እንዲመረመር። ቀድሞ ታክሞ የዳነ ሰው አክታ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ መሣሪያው የሞተን ባሲለስ ዘረ መል ከሕያው አይለይምና የሕክምና ካርዱን መጠየቅ ግድ ይሆናል።