ማስዴቫሊያ

ማስዴቫሊያ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ፣ በተለይም በአንዲስ ተራሮች ጉም በማይለያቸው ደኖች የሚበቅል የኦርኪድ ወገን ነው። ስያሜውን በ1794 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ከስፔናዊው ሐኪም ከሆሴ ማስዴቫል ነው። የፔሩዋ ማስዴቫሊያ ቬይቺያና ደማቅ ብርቱካናማ አበባዋ ላይ በተነሰነሱ ጥቃቅን ሐምራዊ ጸጉሮች ትለያለች።

በቤት ውስጥ ሲለማ ቀን ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልበለጠ፣ ሌሊት ወደ 12 ዲግሪ የሚወርድ ሙቀት፣ ከፍተኛ የአየር እርጥበትና ለስላሳ ብርሃን ይፈልጋል። ብዙ ኦርኪዶች ያላቸው ውሃ የሚያጠራቅም ያበጠ ግንድ ስለሌለው ሥሩ መድረቅ የለበትም፤ ውሃ ከተኛበት ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ በአፈር ሳይሆን ደቀቅ ተደርጎ በተከተፈ የጥድ ቅርፊት ይተከላል። ጨው የሌለው የዝናብ ውሃ ይስማማዋል፤ የአየር ዝውውርም ቅጠሉን ከሻጋታ ይጠብቃል። የተራዘመ ሙቀት ስለሚያዳክመው ሌሊቱ ለማይቀዘቅዝ ቤት አይመከርም።