ባሕሩ ሚኤሶ ሲደርስ

የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ የሐረርጌዋን ሚኤሶን አልፎ አዲስ አበባ ገባ። የባሕሩን ጨው ለደጋውም ለቆላውም አደረሰ፤ ኦይስተር የሚባለው ዛጎላም የባሕር ፍጡርና ሸርጣን ግን ከሚኤሶ ማሽላና ከግመል ወተቱ ጎን ቦታ አላገኙም። ለኦርቶዶክሱ ክርስቲያን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጡር ይከለክላል። በሐረርጌ የሰፋው የሻፊዒ መዝሀብ ግን የባሕርን ምግብ በአብዛኛው ይፈቅዳል። እንግዲህ ዛጎላሙን ፍጡር ከሚኤሶ ማዕድ ያራቀው ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ ርቀት፣ ሙቀትና ልማድም አሉበት።

«አባቶቻችን መርዙን ዐውቀው ነው የተዉት» የሚል አይጠፋም። ደስ የሚል ክርክር ነው፣ ግን አያስኬድም። ኦይስተር ምግቡን የሚያገኘው ውኃ እያጣራ ስለሆነ ካድሚየምና እርሳስ በሥጋው ውስጥ ይከማቻሉ፤ ካድሚየም ኩላሊትን፣ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ሆኖም ባሕሩን በዋናነት የበከለው ፋብሪካ ነው፤ ኦሪት ደግሞ ከፋብሪካ በብዙ ዘመን ይቀድማል። ሕጉም ቢሆን ከብክለት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ በታወቀው የጃፓኑ የሚናማታ በሽታ ሰዎችን በሜርኩሪ የመረዘው ዛጎላሙ ብቻ ሳይሆን ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣም ነበር። ታዲያ ኦይስተር የማይበላ አገር ምን ያሰጋዋል? መልሱ ከባቡሩ መጨረሻ፣ ከአዲስ አበባ አጠገብ ይገኛል። በአቃቂ ወንዝ ውኃ በለማ አትክልት ውስጥ ተመራማሪዎች እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም አግኝተዋል። ከአትክልቱ አንዱ ጎመን ነው፤ ጎመን ደግሞ የጾም ምግብ ነው።