መስከረም 2፣ በቦስተን

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲባል እኛ የምናስታውሰው ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበትን ቀን ነው። በዚያው ዕለት አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ፣ ጥቁር ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች በድንጋይ ተደበደቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ 14 ቀን 1966 ዓ.ም. ዳኛ አርተር ጋሪቲ «የከተማው የትምህርት ቦርድ ጥቁርና ነጭ ልጆችን ሆን ብሎ ለያይቷል» ሲሉ ፈረዱ። ከዚያ የትኛው ሰፈር የት እንደሚማር እንደገና ተደለደለ። የሮክስበሪ ጥቁር ልጆች ወደ ሳውዝ ቦስተን፣ የሳውዝ ቦስተን ነጭ ልጆች ወደ ሮክስበሪ ተመደቡ።

ፍርዱ ልክ ነበር። ድንጋዩም ዘረኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ግን ካርታውን እዩት፦ ሁለቱም ያኔ የድሃ ሰፈር ነበሩ። ባለጸጎቹ በብዛት ይኖሩ የነበረው ከከተማው ወሰን ውጪ ነው፤ ዳኛውም ዌልስሊ ነበር ቤታቸው። በዚያው ክረምት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲትሮይት ጉዳይ 5 ለ 4 ወሰነ፦ የራሳቸው ጥፋት ካልተረጋገጠ በቀር በከተማዋ ዙሪያ ያሉ የትምህርት ወረዳዎች በድልድሉ አይገደዱም።

ይህን ያነሳሁት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን ከአሜሪካ ደውላ «ቲቸር፣ የልጄ ትምህርት ቤት ክልል ሊቀየር ነው። ስብሰባው ላይ ልገኝ ወይስ ይቅርብኝ?» ስላለችኝ ነው።

«ሂጂ» አልኳት። «መስመሩ እነማንን ሳይነካ እንደሚያልፍም ጠይቂ።»

እዚያ ያላችሁ ሌሎቻችሁም እንደዚሁ።