የአውቶቡስ መድረሻ ሰዓት ማሳያ ሰሌዳዎች ምን ያህል ይታመናሉ?

በበርካታ የዓለም ከተሞች በአውቶቡስ ፌርማታዎች ላይ የተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ማሳያ ሰሌዳዎች ቀጣዩ አውቶቡስ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ለተሳፋሪው ያሳውቃሉ። በሰሌዳው ላይ የሚነበበው ቁጥር ግን የተረጋገጠ ልክ ሳይሆን በስሌት የተገኘ ግምት ነው። በመሆኑም የሰሌዳዎቹ አስተማማኝነት የሚወሰነው በስክሪኑ ጥራት ሳይሆን ከአውቶቡሱ እስከ ፌርማታው በተዘረጋው የመረጃ ሰንሰለት ሲሆን፤ በተለይም መረጃው ሲቋረጥ ሥርዓቱ ይህንኑ በግልጽ ማሳወቅ መቻሉ ወሳኝ ነው።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም በተሳፋሪው የዕለት ኑሮ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከፍተኛ ነው። ሰሌዳው 12 ደቂቃ እንደቀረው የገለጸለት ተሳፋሪ በአቅራቢያው ወዳለ ሱቅ ጎራ ሊል፣ ሌላ መስመር ሊመርጥ ወይም በእግሩ ሊጓዝ ይችላል። አውቶቡሱ በ7ኛው ደቂቃ ደርሶ ካለፈ ግን ተሳፋሪው የተጎዳው አውቶቡሱ ስለዘገየ ሳይሆን ሰሌዳውን ስላመነ ነው። በዚህም ሳቢያ ሠራተኛው ከሥራ መግቢያ ሰዓቱ፣ ታማሚውም ከሐኪም ቀጠሮው ሊያልፍ ይችላል።

የለንደን ተሞክሮ

በዘርፉ ቀደምት ከሚባሉት ከተሞች አንዷ የእንግሊዝ ዋና ከተማ ለንደን ናት። ከተማዋ «ካውንትዳውን» የተሰኘውን ማሳያ እ.አ.አ በ1992 በ18 ቁጥር አውቶቡስ መስመር ላይ በሙከራ ጀመረች። በወቅቱ አውቶቡሶቹ የሚገኙበት ቦታ የሚታወቀው በመንገድ ዳር በተተከሉ ምልክት ሰጪ መሣሪያዎች አማካይነት ነበር። አንድ አውቶቡስ ከአንዱ መሣሪያ ተነሥቶ ሌላው ጋር እስኪደርስ ድረስ ያለበት ቦታ የሚገመተው ጎማው የተሽከረከረበትን ርቀት በመቁጠር ነው።

ኋላ ላይ ጂፒኤስ በመባል የሚታወቀው የሳተላይት ቦታ ማመልከቻ ሥርዓት ሁኔታውን ለወጠው። የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል ተጠቃሚዎች ላይ ሆን ብሎ ያደርገው የነበረውን የምልክት ማዛባት እ.አ.አ በሜይ 2000 በማቆሙ እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት በእጅጉ ቀነሰ። ለንደንም እ.አ.አ ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ «አይባስ» የተባለውን አዲስ ሥርዓት 8 ሺህ በሚደርሱ አውቶቡሶች ላይ ገጠመች። ሥርዓቱ በሳተላይት ብቻ ሳይወሰን የአቅጣጫ ለውጥን የሚለካ መሣሪያን፣ የርቀት መቁጠሪያንና የከተማዋን የመስመሮች ካርታ በአንድነት ይጠቀማል። እ.አ.አ በ2011 ደግሞ የ19 ሺህ ያህል ፌርማታዎች መረጃ በኢንተርኔት መሰጠት የጀመረ ሲሆን፣ ሰሌዳ የተተከለላቸው ግን ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ናቸው።

ቁጥሩ እንዴት ይሰላል?

ደቂቃው የሚሰላው በአራት ደረጃዎች ነው። በመጀመሪያ በአውቶቡሱ ላይ የተገጠመው መሣሪያ አውቶቡሱ ያለበትን ቦታ ይለያል። ቀጥሎም መረጃውን በተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትወርክ አማካይነት ወደ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይልካል። በማዕከሉ የሚገኘው ኮምፒዩተር ቀሪውን ርቀት፣ ቀደም ብለው በዚያው መንገድ ያለፉ አውቶቡሶች የወሰደባቸውን ጊዜና በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት የተመዘገበውን የቆየ ልምድ በማገናዘብ የሚደርስበትን ጊዜ ይገምታል። በመጨረሻም ውጤቱ ወደ ሰሌዳው ይተላለፋል።

በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ትንንሽ ስሕተቶች ይጠራቀማሉ። ለምሳሌ ያህል ቦታውን በየ30 ሰከንዱ የሚልክ አውቶቡስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ በሁለት መልእክቶች መካከል 250 ሜትር ይጓዛል። እንዲሁም ከፌርማታው 2 ኪሎ ሜትር የራቀ አውቶቡስ በሰዓት በአማካይ 15 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በ8 ደቂቃ የሚደርስ ሲሆን፣ መንገዱ ተጨናንቆ ፍጥነቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ዝቅ ካለ ግን 12 ደቂቃ ይፈጅበታል። የአራት ደቂቃው ልዩነት ከመሣሪያ ብልሽት ሳይሆን ከመንገዱ ሁኔታ የሚመነጭ ነው።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

ከፍተኛው ችግር የሚከሰተው አውቶቡሱ ገና ከመነሻ ጣቢያው ሳይንቀሳቀስ ነው። የቆመ አውቶቡስ ፍጥነት ስለሌለው ኮምፒዩተሩ በተያዘለት መርሐ ግብር ይነሣል ብሎ ይገምታል። አሽከርካሪው ከዘገየ ወይም አውቶቡሱ ከስምሪት ውጭ ከሆነ ግምቱ ወዲያውኑ ይፋለሳል። በመሆኑም ለመስመሩ መነሻ ቅርብ በሆኑ ፌርማታዎች ላይ የሚታዩ ቁጥሮች በመስመሩ መካከል ካሉት ይልቅ ለስሕተት የተጋለጡ ናቸው።

በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የሳተላይት ምልክት በግድግዳ እየተንፀባረቀ ስለሚደርስ የአውቶቡሱ ቦታ ሊዛባ ይችላል። በመንገድ ሥራ ወይም በሰልፍ ምክንያት መስመር ሲቀየርም ለውጡ በወቅቱ ወደ ሥርዓቱ ካልገባ ሰሌዳው አውቶቡሱ ጭራሽ በማያልፍበት ፌርማታ ላይ ደቂቃ መቁጠሩን ይቀጥላል።

ሰሌዳው ትክክል ሆኖ ሳለ ተሳፋሪው የሚያማርርበት ጊዜም አለ። ኒውዌልና ፖትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ1964 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ የዘገየ አውቶቡስ በየፌርማታው ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው ይበልጥ እየዘገየ ይሄዳል። ተከታዩ አውቶቡስ ደግሞ የሚጭነው ሰው ስለሚያንሰው ይፈጥንና ይደርስበታል። በዚህ ሁኔታ ሰሌዳው «14 ደቂቃ» እና «15 ደቂቃ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮችን በተከታታይ ቢያሳይ ስሕተቱ የአገልግሎቱ እንጂ የማሳያው አይደለም። ማሳያ ሰሌዳ ደካማ ስምሪትን ያጋልጣል እንጂ አያርመውም።

የቺካጎና የሳን ፍራንሲስኮ ትምህርት

የአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ የአውቶቡስ መከታተያ ሥርዓቷን እ.አ.አ በ2006 በአንድ መስመር ላይ በሙከራ የጀመረች ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ ሌሎቹ መስመሮች አስፋፍታለች። እ.አ.አ በ2022 ግን የአሽከርካሪዎች እጥረት በመከሰቱ በመርሐ ግብር የተያዙ በርካታ ጉዞዎች ሳይካሄዱ ቀሩ። የመከታተያ ሥርዓቱ በበኩሉ ያልተሠማሩትን አውቶቡሶች እንደሚመጡ አድርጎ ማሳየቱን በመቀጠሉ ተሳፋሪዎች «መናፍስት አውቶቡሶች» የሚል ስም አወጡላቸው። የከተማዋ የትራንስፖርት ባለሥልጣን እ.አ.አ በኦገስት 2022 ይፋ ባደረገው የአገልግሎት ማሻሻያ ዕቅድ ውስጥ የዚህን ችግር መፍትሔ አካቷል።

በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ችግሩ የተከሰተው በመገናኛ መሥመሩ ላይ ነበር። እ.አ.አ በ2017 መጀመሪያ በርካታ የከተማዋ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የሚጠቀሙበት የሁለተኛ ትውልድ የስልክ ኔትወርክ በመዘጋቱ መሣሪያቸው ያልተቀየረላቸው ተሽከርካሪዎች ከመድረሻ ሰዓት መረጃው ላይ ጠፉ። ተሽከርካሪዎቹ በመንገድ ላይ እየሠሩ ቢሆንም ለሥርዓቱ እንደሌሉ ይቆጠሩ ነበር።

ሁለቱ አጋጣሚዎች ተቃራኒ ገጽታ አላቸው። በቺካጎ የሌለ አውቶቡስ እንዳለ ተደርጎ ሲታይ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ያለው እንደሌለ ተቆጥሯል። በሁለቱም ዘንድ በፌርማታው የቆመው ተሳፋሪ የሚያነበው ቁጥር ከአውቶቡሱ የመጣ ይሁን ወይም ከመርሐ ግብሩ የተገለበጠ መለየት አዳጋች ነበር።

አስተማማኝነቱ እንዴት ይለካል?

ትክክለኛው የመለኪያ ዘዴ እያንዳንዱን ግምት አውቶቡሱ በእርግጥ ከደረሰበት ጊዜ ጋር ማነጻጸር ነው። ይሁን እንጂ አማካይ ውጤት ብቻውን ያሳስታል፤ አንዱ አውቶቡስ 5 ደቂቃ ቀድሞ፣ ሌላው 5 ደቂቃ ዘግይቶ ቢደርስ አማካይ ስሕተቱ ዜሮ ቢሆንም ሁለቱም ግምቶች ስሕተት ናቸው። በመሆኑም ውጤቱ በርቀት ተከፋፍሎ መታየት ይኖርበታል። የ2 ደቂቃ ግምት በሰከንዶች ልዩነት መጠበቅ ሲኖርበት፣ የ15 ደቂቃ ግምት ግን የደቂቃዎች መዛነፍ ቢኖረው የሚጠበቅ ነው።

ከዚህም ባሻገር መቅደምና መዘግየት እኩል ክብደት አይሰጣቸውም። አውቶቡሱ ከተገመተው 2 ደቂቃ ቢዘገይ ተሳፋሪው የሚያጣው ያንኑ 2 ደቂቃ ነው። 2 ደቂቃ ቀድሞ ካለፈ ግን እስከ ቀጣዩ አውቶቡስ ድረስ ያለውን ጊዜ በሙሉ ያጣል፤ በየግማሽ ሰዓቱ በሚመላለስ መስመር ላይ ይህ እስከ 30 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። በዚህም ምክንያት የግምት ሥርዓቶች ሲመዘኑ አውቶቡሱ ከግምቱ ቀድሞ የሚደርስበት ስሕተት ይበልጥ ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበታል።

መረጃው የሚታመን ሲሆን ጥቅሙ ተጨባጭ ነው። በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ተካሂዶ እ.አ.አ በ2011 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የወቅቱን የመድረሻ ሰዓት በስልካቸው የሚከታተሉ ተሳፋሪዎች በመርሐ ግብር ብቻ ከሚመሩት ጋር ሲነጻጸሩ በፌርማታ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ወደ 2 ደቂቃ ገደማ ያነሰ ነው። መረጃው የሌላቸው ተሳፋሪዎች በአንጻሩ የጠበቁት ጊዜ ከእውነተኛው የረዘመ ሆኖ ይሰማቸዋል።

ከተሞች ምን ይጠበቅባቸዋል?

ሰሌዳ ለመትከል የሚያቅዱ ከተሞች ከስክሪኑ አስቀድሞ ስምሪቱን ማስተካከል ይኖርባቸዋል። ተሽከርካሪው የሚነሣው በሰዓት ሳይሆን ተሳፋሪ ሲሞላ በሆነበት እንደ ሚኒባስ ታክሲ ባለ አገልግሎት፣ ተሽከርካሪው ያለበትን ቦታ ማሳየት ቢቻልም ቀጣዩ መቼ እንደሚነሣ አስቀድሞ ማስላት አይቻልም። ለአውቶቡስ የተለየ መንገድ መኖሩም የጉዞ ጊዜውን መለዋወጥ ስለሚቀንስ ግምቱን ያሻሽላል።

ሁለተኛው በስምሪት ክፍሉና በሰሌዳው መካከል ያለው ግንኙነት ነው። አንድ ጉዞ ሲሰረዝ ስረዛው ወዲያውኑ በሰሌዳው ላይ መታየት አለበት። ከአውቶቡሱ መረጃ ሲቋረጥም ሰሌዳው የመርሐ ግብር ሰዓትን የመጣ መረጃ አስመስሎ ከማሳየት ይልቅ ልዩነቱን በምልክት ማመልከት ይጠበቅበታል። ስልክ የሌላቸውና ማንበብ የማይችሉ ተሳፋሪዎች ሌላ አማራጭ ስለሌላቸው በተለይ ለእነርሱ ይህ ግልጽነትና የድምፅ አገልግሎት አስፈላጊ ናቸው።

ተሳፋሪውም በበኩሉ ጥቂት ነጥቦችን ቢያውቅ ይጠቀማል። አምስት ደቂቃና ከዚያ በታች የሚያሳይ ቁጥር ከረጅሙ ግምት ይልቅ የሚታመን ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይቀንስ የቆየ ቁጥር አውቶቡሱ መቆሙን ወይም መረጃው መቋረጡን ያመለክታል። ከመስመሩ መነሻ አጠገብ የሚታይ ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመርሐ ግብር የተወሰደ ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሰሌዳው 10 ደቂቃ እንደቀረ ቢገልጽም በ8ኛው ደቂቃ ፌርማታው ላይ መገኘት ተሳፋሪውን ከአላስፈላጊ እንግልት ያድነዋል።